ለእምዬ ቆቅ ፍለጋ የወጣን ማለዳ

ይህ ነገር የገጠመኝ ጣሊያን አገሩን ይዞ በነበረበት ዘመን፣ በጥር ወር፣ የነነዌ ጾም ሊገባ ሲል ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የሠርጌን ቀን እንኳ ሰው የነገረኝ እንጂ እኔ ያየሁት አይመስለኝም። ያን ማለዳ ግን አልረሳውም። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን የጉሙ እርጥበት ፊቴ ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ያ ውሻ አንድ እግሩን አጥፎ፣ ጅራቱን እንደ ዱላ ቀጥ አድርጎ፣ በነጩ ውስጥ ቆሞ ይታየኛል።

ያን ጊዜ ገና ሙሽራ ነበርኩ። የተዳርኩት ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ወደ ጉና በሚያስወጣው መንገድ ካለች መንደር ነው። ባሌ ተገኘ ከተጋባን ዓመት ሳይሞላን የአባቱን ውጅግራ ጠመንጃ ይዞ ዱር ገባ። እኔ ከአባቱ ከባሻ ወርቅነህና ከእናቱ ከወይዘሮ ጥሩነሽ ጋር ቀረሁ። እንደ አገሩ ልማድ የሙሽራ ስም አውጥተውልኝ “አዲሴ” ይሉኝ ነበር። እኔም አባትየውን ባሻዬ፣ እናትየዋን እምዬ እላቸው ነበር።

ልጁ ዱር የገባበት ቤት የሚኖረው የቆቅ ኑሮ ነው። ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ ማለት ነው። ከከተማው ምሽግ ባንዳዎች እየመጡ “ልጃችሁ የት ነው?” ይላሉ። ባሻዬም “እናንተ ታውቁ እንደሆነ ንገሩን፤ እኛም ናፍቆናል” እያሉ ይመልሷቸው ነበር። ሲሄዱ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አንደኛው ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ሌላውም እየደከመ ነበር። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ማየቱ ለእኔ ከባንዳዎቹ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር።

በዚያ ዓመት አዝመራው ተሰብስቦ ሲያልቅ እምዬ ታመሙ። ምን እንደነካቸው ያወቀ የለም። ጠበል ወሰድናቸው፤ ትንሽ ሻል ብሏቸው ተመልሰው ተኙ። ጉሮሯቸው እህል አልወስድ አለ። ቀኑን ሙሉ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆነው መደባቸው ላይ ይተኛሉ፤ ነቃ ሲሉ ሕልማቸውን ያወሩልናል። “ዛሬ ተገኘ በጓሮ በኩል ገብቶ እግሩን ሲታጠብ አየሁት” ይሉናል። ሌላ ቀን ደግሞ “ጉና ላይ ባሕር ነበር፤ በታንኳ ተሻገርን” ይላሉ። አነጋገራቸው እውነት ስለሚመስል እኔም ባሕሩ ይታየኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ፈገግ ብለው ነቁ።

“ሌሊቱን የቆቅ ወጥ ስበላ አደርኩ” አሉ። “ለመሆኑ በሕልም የበላ ሰው ጾም ፈታ ይባላል?”

የገና ጾም ላይ ነበርን። ባሻዬ ጠጋ አሉና “ብይ ግዴለሽም፤ ለንስሐ አባታችን አልናገርብሽም” አሏቸው።

እምዬ ወደ እኔ ዞሩ። “ይኸውልሽ አዲሴ፣ እሱ እኔን የወሰደኝ በቆቅ ነው። ታጭቼ ሳለሁ በየሳምንቱ ቆቅ እያደነ ለእናቴ ይልክ ነበር። እናቴ ሥጋውን በላች፣ እኔ ወደዚህ መጣሁ።” ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። “አንድ ጊዜ ብቀምሰው ጉሮሮዬ የሚከፈት ይመስለኛል።”

ባሻዬ ወደ ባዶው የጠመንጃ ማንጠልጠያ ዞሩ። ጠመንጃው ከልጃቸው ጋር ዱር ነው። ቢኖርም ኖሮ ጥይት ያጮኸ ሰው በማግሥቱ ቤቱ ይቃጠል ነበር። ዶሮ እንዳናርድላቸው ዶሮዎቹን በክረምት ፈንግል ጨርሷቸዋል።

ውሻው የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ጠዋት ውኃ ልቀዳ ስወጣ ከጎተራው ሥር ተኝቶ አገኘሁት። የእኛን አገር ውሻ አይመስልም። ነጭ ሆኖ ቡናማ ጠቃጠቆ አለበት፤ ጆሮው ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ አንገቱ ላይ የቆዳ ማሰሪያ ያለው ነው። የፊት እግሩ አብጧል። ሲያየኝ አልጮኸም። ዓይኑን ብቻ ወደ እኔ አነሣ።

ጎረቤታችን መጥተው አዩና አማተቡ። “የጣሊያን ውሻ ነው! ወይ ውሰዱላቸው ወይ ገድላችሁ ቅበሩት” አሉ።

ባሻዬ ዱላቸውን ተደግፈው ብዙ አሰቡ። “ብንወስደው ‘ከየት አመጣችሁት’ ይሉናል፤ ቀጥለው ‘ልጃችሁስ’ ይሉናል። ብናስቀረው ሌቦች ይሉናል። መግደሉን እኔ አልችልም፤ ለምኖኝ ነው የመጣው። እግሩ ይዳንና በእግሩ ይሂድ” አሉ።

ተንበርክከው በዳሰሳ ከመዳፉ ውስጥ ትልቅ የግራር እሾህ አወጡለት። ቁስሉን አጥበው ቅቤ ቀብተው በጨርቅ አሰሩት። ውሻው ከንፈሩን እንኳ አላነሣም። ዳነ፤ ግን አልሄደም። ትንሽ ስለሚበላና ብዙ ዝም ስለሚል፣ ከየት እንደመጣም ስለማይናገር ባሻዬ “መናኙ” አሉት። ቤት አይገባም፤ ደጃፍ ላይ ተኝቶ ወደ ሜዳው ያያል።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከባሻዬ ጋር አውድማው ላይ ነበርን። መናኙ እየሮጠ መጣና ከአውድማው ዳር ካለው ረጅም ሣር ፊት ድንገት ደረቀ። አንድ የፊት እግሩን አጠፈ፤ ጅራቱን ቀጥ አደረገ፤ አፍንጫውን ወደ ሣሩ ዘረጋ። አልጮኸም፣ አልተነፈሰም። እባብ ያየ መሰለኝ። ብጠራው አልሰማኝም።

“ባሻዬ፣ ውሻው ደንዝዟል” አልኳቸው።

ባሻዬ ቀስ ብለው ቀርበው በዱላቸው ሣሩን ነካ አደረጉት። ሁለት ቆቆች ከውስጡ ፈንድተው ወጡ! ክንፋቸው የፈጠረው ነፋስ ጉንጬን ነካኝ። ባሻዬ የድሮ ልማዳቸው ሆኖ ጠመንጃ እንደያዘ ሰው ትከሻቸውን አዞሩ፤ ከዚያ ባዶ እጃቸውን አይተው ሳቁ። ተገኘ ከሄደ ወዲህ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

“አወቅሽ?” አሉኝ። “ይህ ውሻ አያባርርም። ቆቋ ያለችበትን ያሳይሻል፤ ጌታው እስኪመጣ ጠብቆ ይቆማል። ለዚሁ የተማረ ነው።”

ገብተን ለእምዬ ነገርናቸው። ትራሳቸው ላይ ቀና አሉ።

“ቆቋስ ዝም ብላ ትጠብቃለች?” ሲሉ ጠየቁ።

“ውሻውን ፈርታ ታደፍጣለች። ካልተጠጓት አትነሣም” አሉ ባሻዬ።

“እንግዲያማ ምን ጠመንጃ ያስፈልጋችኋል! ከላይ መረብ መጣል ያቅታችኋል?”

ባሻዬና እኔ ተያየን። ከዚያች ቀን ጀምሮ በቤታችን ሌላ ወሬ አልተወራም።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በበሩ ገብታ እምዬ መደብ ላይ ስታርፍ፣ ሦስታችንም እዚያ እንሰበሰብ ነበር። መጀመሪያ መረቡ ነበረ። ጭድ የምንሸከምበት መረብ አለን፤ ግን ቀዳዳው ሰፊ ነው። እምዬ እጃቸውን አሳልፈው አዩትና “በዚህስ ቆቅ ቀርቶ በግም ያመልጣል” አሉ። ቀዳዳውን የሚያጠብ ጠንካራ ድር ያስፈልግ ነበር። እኔ ለተገኘ ጋቢ ብዬ የፈተልኩት ፈትል በቅርጫት ተቀምጧል። ሁለቱም ወደ ቅርጫቱ አላዩም፤ እያወቁ እንዳላዩ ገባኝ።

ተነሥቼ አመጣሁት። እምዬ ፈትሉን በጣታቸው ዳሰሱ።

“ሲመጣ ሌላ ትፈትዪለታለሽ” አሉኝ። “ይመጣል።”

ያን ቃል ከአፋቸው ስሰማ ፈትሉን መቁረጥ ቀለለኝ። ድሩን እጥፍ ድርብ አድርጌ እየቋጠርኩ የመረቡን ዓይን አጠበብኩት። እምዬም ተኝተው የበኩላቸውን ይቋጥሩ ጀመር። “ጠርዙ ላይ ጠጠር እሰሩበት፤ ያለዚያ ነፋስ ያነሣዋል” አሉ። ጠጠሩን ከወንዝ ለቅሜ በጨርቅ ጠቅልዬ አሰርኩ።

ቀጥሎ ማን ይጥለዋል ተባለ። ባሻዬ በደንብ አይታያቸውም። “ሴት አድና አታውቅም” አልኩ። እምዬ “መረብ ወንድ ሴት አይልም” አሉኝ። ስለዚህ ቁና ደፍተን ቆቅ አደረግነውና ቤት ውስጥ መጣል እለማመድ ጀመር። አንዴ ምድጃው ላይ ጣልኩት። አንዴ ባሻዬን ከነዱላቸው ሸፈንኳቸው። በመጨረሻ ቁናዋ ላይ በትክክል ሲያርፍ እምዬ እያጨበጨቡ “እልል! ቁናዋን ያዝናት!” አሉ።

ከዚያ ቦታው ነው። ባሻዬ ወደ ርብ ወንዝ መውረድ አሰቡ፤ እዚያ ቆቁ ብዙ ነው። ግን ባንዳ የሚመላለስበት መንገድ ነው። ወደ ጉና ራስ መውጣቱም አለ፤ እዚያ በጅብራው ተክልና በጓሳው ሣር መካከል ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ዱር የገቡትም በዚያ ያልፋሉ ይባላል፤ የኛ ኮቴ ባንዳውን እንዳይመራባቸው ፈራን። እምዬ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ በጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ መንገድ ያሰምሩ ነበር።

“ከኮሶው ዛፍ በላይ የገብሱ ማሳ የሚያልቅበት ተረተር አለ። ከዚያ የአስታው ቁጥቋጦ ይጀምራል። ሙሽራ ሳለሁ እንጨት ስለቅም እግሬ ሥር እየተነሡ ያስደነግጡኝ ነበር። ጠዋት የወደቀ ገብስ ሊለቅሙ ይወርዳሉ።”

“ጠዋት ነፋሱ ከላይ ወደ ታች ነው” አሉ ባሻዬ። “ከታች ከሄድን ሽታቸው ወደ ውሻው ይመጣል፤ የእኛ ወደ እነሱ አይሄድም።”

“ቀኑስ?” አልኩ እኔ።

“ረቡዕና ዓርብ አይሆንም፤ ብትይዙትም አልበላም” አሉ እምዬ። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ባንዳዎቹ ገበያተኛውን ሊፈትሹ ከተማው በር ላይ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ነነዌ ሳይገባ ያለው ቅዳሜ ሆነ። የሚያገኘን ሰው ቢኖር “ጭድ ልናመጣ ነው” እንላለን፤ መረቡ ምስክር ነው። “ውሻውስ?” ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እሱን አስበን አስበን መልስ አላገኘንለትም።

ልብ ያልኩት ነገር ቢኖር፣ ስለ ቆቅ ስናወራ እምዬ አጥሚት ይጠጡ ነበር። ጽዋውን በእጃቸው ይዘው “ቀኙ ተረተር ነው የሚሻለው” እያሉ ሳያውቁት ይጨርሱታል። ባሻዬ አንድ ቀን ወደ ውጭ ጠሩኝና “አየሽ፣ አደኑ ሳይጀመር ማዳን ጀመረ” አሉኝ። ዓይናቸው እንባ ያዘ። “ባንይዝ ግን ምን እንላታለን?”

ተመልሼ ገብቼ ባዶውን ጽዋ አጠብኩ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ማታ ያለወቅቱ ዘንቦ ስለነበር አገሩ በሙሉ ጉም ለብሷል። ከበራችን ያለው አጥር እንኳ አይታይም። እምዬ ከውስጥ “በስመ ሥላሴ ሂዱ” አሉን። መናኙ ከፊት፣ እኔ መረቡን በትከሻዬ አድርጌ ከኋላው፣ ባሻዬ የነጠላዬን ጫፍ ይዘው ከእኔ ኋላ ሄድን።

የዚያን መንገድ ነገር እንዴት ልንገራችሁ? መሬቱን እንረግጣለን እንጂ አናየውም። የኮሶው ዛፍ ከጉሙ ውስጥ ቀስ ብሎ መጣ፤ በአጠገባችን አለፈና ተመልሶ ጠፋ። እኛ የቆምን፣ ዛፉ የሚሄድ መሰለኝ። ከታች የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል ድምፁ ከሰማይ ይሁን ከመሬት አይለይም። ባሻዬ ከኋላዬ “እኔስ ዛሬ ከአንቺ እኩል ነኝ፤ ለሁላችንም ሞራ ወርዶብናል” አሉና በቀስታ ሳቁ። ፍርሃቴ ሁሉ እዚያች መንደር ቀርቶ እኔ የእምዬ ሕልም ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ባሕር ነው ያሉት ጉና ይህ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

የገብሱ ማሳ ጫፍ ስንደርስ መናኙ ፍጥነቱን ቀነሰ። ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ ተመለሰ፣ አፍንጫውን ቀና አደረገ። ከዚያ ከአንዲት ትንሽ ቁጥቋጦ ፊት እንደ ድንጋይ ደረቀ።

“ቆመ” አልኩ በሹክሹክታ።

“ጭራው?”

“ቀጥ ብሏል።”

“እንግዲህ ቀስ በይ። በጎን ዙሪ። ጥላሽ እንዳያርፍባት” አሉኝ፤ በዚያ ጉም ጥላ እንደሌለ ረስተው።

መረቡን በሁለት እጄ ዘርግቼ በርከክ እያልኩ ቀረብኩ። የቁጥቋጦው ሥር ላይ አንዲት ክብ ጥቁር ዓይን አየሁ። ቆቋ እያየችኝ ነው። ከጎኗም ሌሎች አሉ። እጄን ላነሣ ስል ከቁጥቋጦው ማዶ ጉሙ ሰው ሆነ።

በመጀመሪያ ቦት ጫማ አየሁ። ከዚያ ጠመንጃ፤ አፈሙዙ ወደ መሬት ነው። ከዚያ ጢም ያለው የነጭ ፊት። ጣሊያን ነበር። እሱም እኔን ያኔ ነው ያየኝ። በመካከላችን ውሻው አለ፤ በውሻውና በእኛ መካከል ቆቆቹ አሉ። ማንም አልተነቃነቀም።

ይህ ውሻ የእሱ ነው። እኛ ልጃችን ዱር የገባ፣ የጣሊያን ውሻ ይዘን፣ በጉም ውስጥ የተገኘን ሰዎች ነን። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት። ባሻዬ ግን አልታያቸውም። ከኋላዬ ሆነው “ጣይው፣ አዲሴ! ምን ትጠብቂያለሽ? ጣይው!” ይሉኛል።

ሰውየው ባሻዬን አየ። የተዘረጋውን መረብ አየ። ውሻውን አየ፤ ውሻውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ስሙን የሚጠራው መሰለኝ። ከንፈሩ ተከፈተ፤ ግን ድምፅ አላወጣም። ጣቱን ቀስ ብሎ አንሥቶ ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከዚያ በሌላው እጁ፣ መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ፣ ዝቅ በይ አለኝ። ትንሽ ዝቅ አልኩ። አሁንም ዝቅ በይ አለኝ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

ጣልኩት።

ቁጥቋጦው ፈነዳ። ክንፍ በክንፍ ሆነ፤ አንዷ በጆሮዬ አጠገብ አለፈች። እኔ መረቡ ላይ በደረቴ ተደፋሁ። በአንደኛው ጠርዝ አንዲቱ ልታመልጥ ስትል ሰውየው ጠመንጃውን ሣር ላይ ጥሎ ተንበረከከና ጠርዙን በጉልበቱ ያዘው። ሁለታችንም መሬት ላይ ነን፤ በመረቡ ውስጥ ሁለት ቆቆች ይንፈራገጣሉ። ቀና ብዬ ሳየው ይስቅ ነበር። ሳላስበው እኔም ሳቅሁ።

“ስንት ነው? ስንት ያዝሽ?” ባሻዬ በዳሰሳ መጡ። ከዚያ ቀጥ ብለው ቆሙ። “አዲሴ፣ ሌላ ሰው ይተነፍሳል። ማነው?”

“ባሻዬ… የውሻው ጌታ ነው” አልኩ።

ባሻዬ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ዱላቸውን ለቀቁና በእኔና በእሱ መካከል ቆሙ። ለማን እንደሚናገሩ ሳያዩ፣ “ልጅቱ ምንም አላደረገች። ውሻውን ያቆየሁት እኔ ነኝ። እኔን ውሰድ” አሉ።

ሰውየው ቋንቋውን አልሰማም። ውሻው ግን ያን ጊዜ ነው ሥራው ማለቁን ያወቀው። እያለቀሰ ዘሎ ደረቱ ላይ ወጣ። “ሞሮ! ሞሮ!” ይለዋል ሰውየው። ፊቱን አንገቱ ውስጥ ቀበረ። ሲያሻሸው ቆይቶ እጁ የውሻው እግር ላይ ሲደርስ የዳነውን ጠባሳ አገኘው። መዳፉን ገልብጦ አየው። ቀና ብሎ ባሻዬን አየ። በእጁ እሾህ የሚያወጣ ሰው ምልክት አሳየ፤ ጥያቄ ነበር። እኔ ወደ ባሻዬ ጠቆምኩ።

በዚህ ጊዜ ከታች ከጉሙ ውስጥ በእኛው ቋንቋ ድምፅ ተሰማ። “ጌታዬ! ሰው አለ እንዴ እዚያ?” የባንዳ ድምፅ ነው። የበቅሎ ኮቴም ሰማሁ። ከደጃፋችን እየቆሙ ስለ ተገኘ ከሚጠይቁን አንዱ ቢሆንስ? ባሻዬ ክንዴን ጨበጡኝ።

ሰውየው ወደ ታች አየ። ወደ እኛ አየ። ከዚያ ጮክ ብሎ አንድ ቃል መለሰ፦ “ኒየንቴ!”

ከታች ያለው ወደ እኛ አልወጣም። ያ ቃል “ምንም የለም” ማለት እንደሆነ የተረዳሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ያን ጊዜ ግን ቃሉን ባላውቀውም ምን እንዳለ ገባኝ።

ሰውየው ከቀበቶው ላይ ተንጠልጥላ የነበረች የተገደለች ቆቅ ፈትቶ ለባሻዬ እጅ ሰጣቸው። ባሻዬ ዳሰሷት፤ ቀዝቃዛ ናት። ሳትባረክ የሞተች አትበላም። እምቢ ማለትም ያስፈራል። እጃቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው የማረድ ምልክት አሳዩ፤ ከዚያ አማተቡ። ሰውየው ጥቂት አሰበና ገባው። ቆቋን ተቀብሎ፣ ኮፍያውን አውልቆ እሱም አማተበ። በደረቱ ላይ የሳለው መስቀል የእኛው መስቀል ነበር።

ጠመንጃውን አነሣ፣ ውሻውን አስከተለ፣ ሄደ። መናኙ ጥቂት ሄዶ ቆመ፤ ወደ እኛ ዞሮ አየን። ፉጨት ሲሰማ ገባ ጉሙ ውስጥ። የኮቴው ድምፅ እስኪጠፋ ቆመን አዳመጥን።

ባሻዬ “በስመ አብ” ብለው ቆቆቹን እዚያው ባረኩ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ብንናገር የሆነው ነገር የሚተን ይመስለን ነበር።

እምዬ ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ የቆቅ መረቅ ጠጡ፤ ከደረቷም ሥጋ ጥቂት ጎረሱ። አላምጠው እስኪውጡ ባሻዬና እኔ ትንፋሻችንን ይዘን እናይ ነበር። ዋጡ። ደግሞ አፋቸውን ከፈቱ። ሲጠግቡ የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። በነጠላቸው አፋቸውን አበሱ።

“ለዚያም ሰው እናት አለችው” አሉ። “እንዲህ ያለ ቀን የገጠመው እሷ ጸልያለት ነው።”

ጉሮሯቸው ከዚያ በኋላ እየተከፈተ ሄደ። በቆቋ ነው፣ በጠበሉ ነው፣ ወይስ በዚያ ሁሉ ወሬ፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ጣሊያን ወጥቶ ልጃቸው ሲመለስ በእግራቸው ቆመው በራፍ ላይ ተቀበሉት።

ለተገኘ ታሪኩን ስንነግረው ፊቱ ጠቆረ። በዚያው ወር፣ በዚያው ምሽግ ወታደሮች፣ ከማዶ ያለች መንደር ተቃጥላ ነበር። ከሞቱት ውስጥ አብሮ አደጎቹ ነበሩ። “እኔ ባገኘው ኖሮ እዚያው እጥለው ነበር” አለ።

እምዬ “አዎ፤ ትጥለው ነበር” አሉት። “እኔም ያን ቀን ሳልበላ እቀር ነበር።”

ተገኘ ተነሥቶ ወጣ። ብዙ ቀን ቆይቶ፣ ጋቢውን ስፈትል አጠገቤ ተቀመጠና “ለመሆኑ ውሻው እንዴት ነው የቆመው?” አለኝ። ተነሥቼ አንድ እግሬን አጥፌ አሳየሁት።

ዛሬ ሦስቱም የሉም። ስለ ጣሊያን ዘመን ክፋት ብዙ ማውራት እችላለሁ፤ ያየሁትን አይቻለሁ፤ ለተቃጠሉት ሰዎች ሆኜ ይቅር የማለት ሥልጣንም የለኝም። ያን ሰው ግን ከእነሱ ጋር አድርጌ ልጠላው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ለብቻውም አውጥቼ ልወደው ሞክሬ እሱም አልሆነልኝም። ስሙን አላውቀውም፤ ከጦርነቱ ወጥቶ አገሩ ይግባ አይግባ አላውቅም። ጥር ላይ ጉም ሲወርድ በሬ ላይ እቆምና ደኅና ይሁን እላለሁ፤ ያን ብቻ።

የልጅ ልጄ ይህን ስነግራት ሁልጊዜ “ጠመንጃ የያዘ ጠላት ፊትሽ ቆሞ፣ አልፈራሽም?” ትለኛለች።

እውነቱን እነግራታለሁ። ፈርቻለሁ። ግን ከዚያ ይልቅ የፈራሁት ቆቋ እንዳትነሣብኝ ነበር።